በአንድ ጨጓራ ሁለት ዕጢ
የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ሐኪም በሽተኛውን መርምሮ፣ ከብዙ ጥርጣሬ በኋላ የደዌውን ስም ሲያገኝ ኅሊናው ያርፋል። ይህ ዕረፍት ከሰው ተፈጥሮ የመጣ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ከእርሱ የሚወለድ አንድ አደጋ አለ፤ ይኸውም አንዱ መልስ ከተገኘ በኋላ ሁለተኛውን መፈለግ ማቆም ነው። የበሽተኛውን ምልክቶች ሁሉ በተቻለ መጠን በአንድ በሽታ መግለጥ እንደሚገባ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ሲሰጥ የኖረው ምክር በአብዛኛው ትክክል ነው። ትክክል የማይሆንባቸው ቦታዎች ግን አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ጨጓራ ነው።

በአንድ ሰው ጨጓራ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ ዘራቸው የተለያየ ሁለት ዕጢዎች ሊገኙ ይችላሉ። ከውስጠኛው ሽፋን የተነሣ አድኖካርሲኖማ ባለበት ጨጓራ፣ ከግድግዳው የጡንቻ ንጣፍ የተነሣ የስትሮማ ዕጢ፣ ወይም ከሊምፍ ሕዋሳት የተነሣ ሊምፎማ፣ ወይም ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት የተነሣ ካርሲኖይድ አብሮ ሊገኝ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ተራርቀው ይታያሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ተጠጋግተው ድንበራቸው ይነካካል፤ አንዳንድ ጊዜም ተቀላቅለው አንድ ይመስላሉ።

ነገሩ ብርቅ ብርቁን ለሚሰበስቡ ሰዎች ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም የጨጓራ ካንሰር ሊያወጣ ሆድ ከፍቶ፣ ከዋናው ዕጢ ርቆ በጨጓራው ውጫዊ ገጽ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠንካራ እብጠት አየ እንበል። ይህች እብጠት የካንሰሩ ዘር ከሆነች በሽታው ከተወለደበት ስፍራ ወጥቶ ተዛምቷል፤ የማዳን ተስፋው ጠብቧል፤ ቀዶ ጥገናውም ሊታጠፍ ይችላል። እብጠቲቱ ከካንሰሩ ጋር ዝምድና የሌላት ሌላ ዕጢ ከሆነች ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወጥተው በሽተኛው ሊድን ይችላል። በዓይን ሲያዩት ሁለቱ አንድ ናቸው። በሰው ሕይወት ላይ ሲመዘኑ ግን ርቀታቸው የሰማይና የምድር ነው።

እንግዲህ «ይህ ከዚያ የመጣ ነው» ወይም «ይህ በራሱ የቆመ ነው» ብሎ ለመፍረድ ሙያችን ምን ዓይነት መንገድ ተጓዘ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን መንገድ ለማኅበራችን አባላት በአጭሩ መተረክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ምክንያት ዘመን

ለብዙ መቶ ዓመታት ጥያቄው ራሱ አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅም አይችልም ነበር። ከሂፖክራጥስ ትምህርት ተነሥቶ በሁለተኛው መቶ ዘመን በጋሌን እጅ የተደላደለው ሕክምና፣ የሰውን ጤንነት በአራት ፈሳሾች ሚዛን ይገልጥ ነበር፤ እነርሱም ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ናቸው። ካንሰር የጥቁር ሐሞት መብዛትና መርጋት ውጤት ነው ይባል ነበር። ምንጩ አንድ ፈሳሽ ከሆነ፣ በጡትም ሆነ በጨጓራ የሚወጣው እብጠት የዚያው የአንዱ ፈሳሽ መገለጫ ነው። በአንድ አካል ላይ ሁለት እብጠት ቢታይም ጥቁር ሐሞቱ በሁለት በኩል ገነፈለ ከማለት በቀር ሌላ ማብራሪያ አያሻም ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ከመሠረቱ ያናጋው የአስከሬን ምርመራ ነው። የፓዱዋው መምህር ጆቫኒ ባቲስታ ሞርጋኒ በ1761፣ ዕድሜው ወደ ሰማንያ ሲቃረብ፣ የበሽታዎችን መቀመጫና ምክንያት የሚመረምረውን ታላቅ መጽሐፉን አሳተመ። ሞርጋኒ በሕይወት ሳሉ የታዩትን ምልክቶች ከሞት በኋላ በብልቶች ላይ ከተገኘው ጉዳት ጋር እያስተያየ፣ በሽታ በመላ አካል የሚንሳፈፍ ሳይሆን አድራሻ ያለው ነገር መሆኑን አስረዳ። ከእርሱ በኋላ ሐኪሙ «በሽታው ምንድን ነው?» ከማለት አስቀድሞ «የት ነው?» ብሎ መጠየቅን ተማረ። ሆኖም አድራሻ ብቻውን ዘርን አይናገርም። በአንድ ጨጓራ ውስጥ የተገኙ ሁለት እብጠቶች አድራሻቸው አንድ ነው፤ ወላጆቻቸው ግን ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ።

አጉሊ መነጽርና የዘር ሐረግ

ዘርን ለመለየት አጉሊ መነጽር አስፈለገ። በ1838 ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር የዕጢዎችን ረቂቅ አሠራር የሚገልጥ ሥራውን አውጥቶ፣ ዕጢዎችም እንደ ጤናማው አካል ከሕዋሳት የተሠሩ መሆናቸውን አሳየ። ተማሪው ሩዶልፍ ፊርኾ በ1858 ባሳተመው መጽሐፍ ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ እንደሚወለድ አስተማረ። ይህ ትምህርት ለእኛ ጥያቄ የመሠረት ድንጋይ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዕጢ ወላጅ ሕዋስ እንዳለው ከታመነ፣ ስለ ሁለት ዕጢዎች ዝምድና መጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም አገኘ።

ይሁን እንጂ ፊርኾ ራሱ ካንሰር የሚወለደው ከአያያዥ ኅብረ ሕዋስ ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህን እምነት ካርል ቲርሽ በ1865 በቆዳ ካንሰር ላይ ባደረገው ጥናት፣ ቪልሄልም ቫልዳየርም ከ1867 ጀምሮ በሌሎች ብልቶች ላይ ባደረገው ምርመራ አፈረሱት። ካርሲኖማ የሚነሣው ኤፒቴልየም ከተባለው ሸፋኝ ኅብረ ሕዋስ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ሳርኮማ የሚለው ስም ከአያያዥ ኅብረ ሕዋስና ከጡንቻ ለሚነሡት ቀረ።

ጨጓራን በዚህ ዓይን ስንመለከተው ልዩ ብልት ሆኖ እናገኘዋለን። በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የብዙ ወገን ሕዋሳት ተደራርበው ይኖራሉ። ከውስጥ በኩል አሲድና ንፍጥ የሚያመነጩ የሽፋን ሕዋሳት፣ በመካከላቸው ተበታትነው ሆርሞን የሚያመነጩ ሕዋሳት፣ ከሥር አያያዥ ኅብረ ሕዋስና የደም ሥሮች፣ ቀጥሎም የጡንቻ ንጣፎችና በመካከላቸው የተዘረጋ የነርቭ መረብ ይገኛሉ። ጤናማው ጨጓራ የሊምፍ ሕዋሳት ክምችት እምብዛም የለውም፤ ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ ግን እነርሱም ሠፍረው ይበዛሉ። ወገኖቹ ብዙ ስለሆኑ የሚወለዱት ዕጢዎችም በዚያው ልክ ልዩ ልዩ ናቸው።

የቢልሮት መስፈርቶች

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ የጨጓራ ዕጢ በአብዛኛው የሚታየው በሞተ ሰው አካል ላይ ነበር። ይህን የለወጠው የቀዶ ጥገና ድፍረት ነው። በ1879 በፓሪስ ዡል ፔያን፣ በ1880ም ፖላንዳዊው ሉድቪክ ሪዲጊየር የጨጓራን የታችኛውን ክፍል ቆርጠው ለማውጣት ሞከሩ፤ በሽተኞቻቸው ግን ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። በጃንዋሪ 29 ቀን 1881 በቪየና ቴዎዶር ቢልሮት በካንሰር የተያዘውን የጨጓራ ጫፍ ከአንዲት የ43 ዓመት ሴት ላይ አውጥቶ ቀሪውን ከአንጀት ጋር አጋጠመው። ሴትዮዋ ከቀዶ ጥገናው አገግማ አራት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ከቆየች በኋላ፣ ካንሰሩ ተመልሶና ተዛምቶ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሞተች።

የዚህ ቀን ትርፍ ለቀዶ ጥገና ብቻ አልነበረም። ከሕያው ሰው የወጣ፣ ያልበሰበሰ ጨጓራ በአጉሊ መነጽር ሥር ሊቀመጥ ቻለ። ቢልሮትም ከጎበዝ እጁ ሌላ የፓቶሎጂ ዕውቀት የነበረው ሰው ስለሆነ፣ በአንድ ሰው ላይ የተገኙ ሁለት ካንሰሮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው ለማለት የሚያስፈልጉትን መስፈርቶች ደነገገ። መስፈርቶቹ ሦስት ናቸው፤ አንደኛ፣ የሁለቱ ዕጢዎች ረቂቅ መልክ የተለያየ ይሁን፤ ሁለተኛ፣ የተነሡበት ስፍራ የተለያየ ይሁን፤ ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የራሱን ዘር ወደ ሌላ ስፍራ ያዛመተ ይሁን።

እነዚህ ሕጎች ብርቱ ነበሩ፤ ነገር ግን ከመጠን ይልቅ ብርቱ ነበሩ። ሦስተኛውን መስፈርት የሚያሟላው ሁለቱም ካንሰሮች ከተዛመቱ በኋላ ነው። ገና በጊዜው የተገኘና ሊድን የሚችል ሁለተኛ ካንሰር፣ ሕጉ በሚጠይቀው መሠረት፣ እንደ ሁለተኛ አይቆጠርም ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ሁለት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች በመዝገብ ላይ እጅግ ጥቂት ሆነው ቆዩ። ነገሩ ብርቅ ነው የተባለው በተፈጥሮ ብርቅ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ወንፊቱ በጣም ጠባብ ስለነበረም ነው።

ወንፊቱን ያስፋፉት በቦስተን ይሠሩ የነበሩት ሺልድስ ዋረንና ኦሊቭ ጌትስ ናቸው። በ1932 ባወጡት ጥናት በልዩ ልዩ ጽሑፎች ተበታትነው የነበሩ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን ታሪክ ሰብስበው መርምረው፣ የቢልሮትን ሦስተኛ ሕግ ተዉት። በእነርሱ አባባል እያንዳንዱ ዕጢ የአደገኛነት ምልክት በግልጥ ያሳይ፤ አንዱ ከሌላው የተለየ ይሁን፤ አንዱ ከሌላው የተዛመተ ሊሆን የሚችልበት ዕድልም ይወገድ። ይህ መስፈርት እስከ ዛሬ ድረስ የብዙ ጥናቶች መሠረት ነው። የሦስተኛውን ሐረግ አነጋገር ልብ እንበል። «ይወገድ» የሚለው ቃል ሥራ ያዝዛል፤ ግምት ብቻውን አያስወግድምና።

ሥያሜ የሰጡ ሁለት ሊቃውንት

ሁለት ዕጢዎች ተራርቀው ሲገኙ ነገሩ ቀላል ነው። ሲነካኩና ሲቀላቀሉ ግን ቋንቋ ያስፈልጋል። ይህን ቋንቋ ካቀኑት መካከል ሁለት ጀርመናውያን የፓቶሎጂ ሊቃውንት ሊጠቀሱ ይገባል።

የመጀመሪያው የሙኒኩ ዚግፍሪድ ኦበርንዶርፈር ነው። በ1907 በትንሹ አንጀት ውስጥ የሚገኙ፣ ካንሰር የሚመስሉ ነገር ግን ዝግ ብለው የሚያድጉ ትንንሽ ዕጢዎችን ገልጦ «ካርሲኖይድ» አላቸው፤ ካንሰር መሰል ማለት ነው። በ1914 ፈረንሳውያኑ አንቷን ጎሴና ፒየር ማሶን የብር ጨው ቀለም ተጠቅመው፣ እነዚህ ዕጢዎች በአንጀት ሽፋን ውስጥ ተበታትነው ከሚገኙት ብር ተቀባይ ሕዋሳት ጋር ዝምድና እንዳላቸው አሳዩ። ኦበርንዶርፈርም በ1929 የመጀመሪያ አስተያየቱን አሻሽሎ፣ ካርሲኖይዶች አደገኛ ሆነው ሊዛመቱ እንደሚችሉ ጻፈ።

ሁለተኛው በበርሊን ይሠራ የነበረው ሮበርት ማየር ነው። ማየር በ1919 የተደባለቁ ዕጢዎችን በሦስት መደብ ከፈላቸው። ለየብቻ ተወልደው ሲያድጉ የተጋጩትን የግጭት ዕጢዎች አላቸው። ከአንድ ወላጅ ሕዋስ ተነሥተው በሁለት አቅጣጫ የተለዩትን የጥምረት ዕጢዎች አላቸው። ዋናው የዕጢው ሕዋስም ደጋፊው ኅብረ ሕዋስም አብረው ወደ ዕጢነት የተለወጡባቸውን ደግሞ የቅንብር ዕጢዎች ብሎ ሰየማቸው። ማየር የማሕፀን ዕጢዎችን እያጠና ያወጣው ይህ አከፋፈል ለጨጓራም ሆነ ለሌላው ብልት ሁሉ አገለገለ። ቁም ነገሩ ስሙ ሳይሆን በስሙ ውስጥ ያለው ጥያቄ ነው፤ ሁለቱ መንገደኞች በመንገድ ተገናኙ፣ ወይስ ከአንድ ቤት ወጡ?

የካርሲኖይድና የካርሲኖማ ድብልቅ በምግብ መውረጃ ቧንቧ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1924 በኮርዲየ ተገለጠ። ከዚያ በኋላ የብር ቀለም በተሠራበት ሁሉ እንደዚህ ያሉ ድብልቆች እየታዩ መጡ። ቀለሙ ባልተሠራበት ግን እንደ ቀድሞው አንድ ካንሰር እየተባሉ ተመዘገቡ።

የሁለቱን ሊቃውንት ፍጻሜ ሳናነሣ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ሁለቱም የአይሁድ ተወላጆች ስለነበሩ የናዚ መንግሥት ከሥራቸው አፈናቀላቸው። ኦበርንዶርፈር በ1933 ወደ ኢስታንቡል ተሰድዶ በዚያ እያስተማረ በ1944 ዐረፈ። ማየር በ1939፣ ሰባ አምስት ዓመት ሲሞላው፣ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1947 በሚኒያፖሊስ ሞተ። ዛሬ በየላቦራቶሪው ያለ አሳብ የምንናገራቸው ቃላት አገራቸውን ያጡ ሰዎች ያወረሱን ቅርስ ናቸው።

የማየር አከፋፈል ለጨጓራና ለአንጀት በሚስማማ መልክ እንደገና የተስተካከለው በ1987 በክላውስ ሌዊን ነው። ሌዊን ሽፋን ነክና ሆርሞን ነክ ሕዋሳት የተገናኙባቸውን ዕጢዎች በሦስት ለያቸው፤ ጎን ለጎን የቆሙ፣ እርስ በርሳቸው የተሠበጣጠሩ፣ አንዱ ሕዋስ ራሱ ሁለቱንም ጠባይ የያዘባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው አመዳደብ የድብልቅ ዕጢ ስም እንዲሰጥ እያንዳንዱ ወገን ቢያንስ 30 በመቶ መሆን አለበት የሚል ወሰን አኖረ፤ በ2019 እትሙም ስሙን አስፍቶ ይህንኑ ወሰን ጠበቀ። ወሰኑ ለመዝገብ ይጠቅማል። ነገር ግን 20 በመቶ የሆነ ክፉ ወገን ስም ባይሰጠውም በሽተኛውን ሊገድል ስለሚችል፣ በሪፖርት ላይ መጻፉ አይቀርም።

ጡንቻ ተብሎ የቆየው ዕጢ

ከካርሲኖማ ጋር አብሮ ከሚገኘው ሁሉ በዘመናችን እጅግ የተጠናው የስትሮማ ዕጢ ነው። ታሪኩም አንድ የተሳሳተ ስም ምን ያህል ዘመን ሊኖር እንደሚችል ያስተምራል። በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ የሚገኙ፣ ሕዋሳቸው እንደ እንዝርት የሾለ ዕጢዎች በሙሉ ለረጅም ዓመታት ከጡንቻ የተወለዱ ናቸው እየተባሉ፣ ገሩ ሌዮማዮማ፣ አደገኛው ሌዮማዮሳርኮማ ይባሉ ነበር። በ1962 አሜሪካዊው አርተር ፐርዲ ስታውት ሕዋሳቸው ክብ የሆነውንና መልካቸው ግራ የሚያጋባውን ለይቶ ሲገልጥ እንኳ፣ የጡንቻ ዝርያዎች ከማለት አልወጣም።

በ1983 ማይክል ማዙርና ብሬንት ክላርክ በኤሌክትሮን አጉሊ መነጽርና በፀረ አካል ቀለም ቢመረምሯቸው፣ ብዙዎቹ የጡንቻ ምልክት የሌላቸው ሆነው ተገኙ። ስለዚህ በወላጃቸው ላይ ከመፍረድ ተቆጥበው «የጨጓራ የስትሮማ ዕጢዎች» አሏቸው። እውነተኛው ወላጅ የታወቀው በ1998 ነው። በጃፓን ሴይቺ ሂሮታና ባልደረቦቹ በእነዚህ ዕጢዎች ውስጥ ኪት የተባለው ዘረ መል ተለውጦ ያለማቋረጥ «እደግ» የሚል ትእዛዝ እንደሚሰጥ ገለጡ፤ ወላጆቹም የካሃል ሕዋሳት ከሚባሉት የጨጓራና የአንጀት እንቅስቃሴ መሪዎች ጋር የሚዛመዱ መሆናቸውን አመለከቱ። እነዚህን ሕዋሳት አስቀድሞ የገለጣቸው በ1906 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነበር።

ከዚያ የተከተለው ፈጣን ነው። ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የተሠራው ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት ይህንኑ ትእዛዝ የሚያግድ ሆኖ ስለተገኘ፣ በ2000 በፊንላንድ ዕጢዋ ለተዛመተባት አንዲት ሴት ተሰጠ፤ ውጤቱም በሚቀጥለው ዓመት ለዓለም ተነገረ። እስከዚያ ድረስ የተለመደው የካንሰር መድኃኒት የማይበግረው ዕጢ በአፍ በሚወሰድ ክኒን መቀነስ ጀመረ። እንግዲህ የስም ጉዳይ የሕክምና ጉዳይ ሆነ። አድኖካርሲኖማ በሚታከምበት መድኃኒት የስትሮማ ዕጢ አይታከምም፤ የስትሮማ ዕጢ በሚታከምበት ክኒን አድኖካርሲኖማ አይድንም። ሁለቱ በአንድ ጨጓራ ሲገኙ፣ አንዱን ብቻ ያየ ሐኪም ግማሽ በሽተኛ ያክማል።

አንድ ማሳ ወይስ አጋጣሚ?

ሁለት ዕጢዎች ስለምን አንድ ጨጓራ ላይ ይገናኛሉ? ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ሲከራከሩ ቆይተዋል። አንደኛው፣ ማሳው አንድ ስለሆነ ነው ይላል፤ ጨጓራውን ለዓመታት ያቃጠለው ምክንያት የልዩ ልዩ ወገን ሕዋሳትን በአንድነት ለዕጢነት ያዘጋጃል። ሁለተኛው፣ ነገሩ አጋጣሚ ነው ይላል፤ ሁለት የተለመዱ ነገሮች አልፎ አልፎ በአንድ ቤት መገናኘታቸው አይቀርም።

ለመጀመሪያው መልስ ብርቱ ምስክር የሆነው ሊምፎማ ነው። በ1983 ፒተር አይዛክሰንና ዴኒስ ራይት ከሽፋን አጠገብ ከሚሠፍሩ የሊምፍ ሕዋሳት የሚነሣውን፣ ዝግ ብሎ የሚያድገውን የጨጓራ ሊምፎማ ራሱን የቻለ በሽታ አድርገው ገለጡት። በዚያው ዘመን በአውስትራሊያ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የምንለውን ባክቴሪያ በ1982 ከጨጓራ አውጥተው አሳደጉ፤ ለዚህም ሥራቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1991 አንድሩ ዎዘርስፑንና ባልደረቦቹ ከመረመሯቸው 110 የዚህ ዓይነት ሊምፎማዎች በ92 በመቶው ባክቴሪያው መኖሩን አሳዩ። በ1993ም ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲጠፋ ከስድስት በሽተኞች በአምስቱ ሊምፎማው መክሰሙን ገለጡ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1994 ይህንኑ ባክቴሪያ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች መደበው።

ባክቴሪያው በአድኖካርሲኖማ ላይ ያለው ድርሻም የታወቀ ነው። ፔላዮ ኮሬያ በ1975 የጨጓራ ሽፋን ከሥር የሰደደ መቆጣት ወደ መመንመን፣ ከመመንመንም የአንጀት ሽፋንን ወደ መምሰል፣ በመጨረሻም ወደ ካንሰር የሚሄድበትን መሰላል አቅርቦ ነበር። በዚህ መሰላል የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያው ቆሞ ይገኛል። አንዱ ጠንቅ ሽፋኑንም ሊምፉንም ካወከ፣ ከሁለቱም ወገን ዕጢ ቢወለድ የሚያስደንቅ አይሆንም። በአገራችንም ባክቴሪያው በብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ ይህ ምዕራፍ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የማሳውን አሳብ የእንስሳት ሙከራም ይደግፈዋል። በጃፓን ታካሺ ሱጊሙራ በ1967 አንድ የናይትሮሶ ውሁድ በመጠጥ ውኃ ለአይጦች ሰጥቶ የጨጓራ አድኖካርሲኖማ አስነሣ። ይኸው ውሁድ በኋላ በሌሎች ሰዎች ሙከራ ከግድግዳው የጡንቻ ንጣፍ የሚነሣ ሳርኮማ ለማስነሣትም አገልግሏል።

ስለ ስትሮማ ዕጢ ግን የአጋጣሚው መልስ የበለጠ ክብደት አግኝቷል። በ2006 የወጣ የጃፓን ጥናት በካንሰር ምክንያት የወጡ 100 ጨጓራዎችን በስስ በስሱ እየከተፈ ቢመረምር፣ በ35ቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የስትሮማ ዕጢዎች ተገኙ። በ2007 በጀርመን የወጣ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሟቾች መካከል በ22.5 በመቶው ጨጓራ ውስጥ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ዕጢዎች አገኘ። አብዛኞቹ ሳያድጉ፣ ማንንም ሳይጎዱ የሚኖሩ ናቸው። እንግዲህ ከአዋቂዎች መካከል ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አንዱ የተሸከመው ነገር ከካንሰር ጋር መገኘቱ ምን ያስገርማል? ያስገርም የነበረው አለመፈለጉ ነው።

ሁለቱ መልሶች ስለዚህ አይጣሉም። ለሊምፎማ ማሳው፣ ለብዙው የስትሮማ ዕጢ አጋጣሚው ይበልጥ እውነት ይመስላል። ካርሲኖይድም ቢሆን፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ጨጓራ ሲያጠቃ በሚመጣው የሽፋን መመንመን ላይ፣ ከአድኖካርሲኖማ ጋር አንድ አፈር የሚጋራበት ጊዜ አለ።

ለዕለት ሥራችን

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ለየሙያው ክፍል ይደርሳል። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ በኢንዶስኮፕ ሲመለከት የሚያየውም ናሙና የሚቆነጥረውም በአብዛኛው ሽፋኑን ነው። ከሽፋኑ በታች የተደበቀ ዕጢ በዚያች ቁንጣሪ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ የናሙናው መልስ አድኖካርሲኖማ መሆኑ በአጠገቡ ጎልቶ የሚታየውን ሌላ ጉብታ አይፈታውም፤ ጉብታው በጽሑፍ ይገለጥ፤ እስኪመረመርም ድረስ ጥያቄ ሆኖ ይቆይ።

የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ከዋናው ዕጢ ርቃ ያያትን እብጠት «ዘር ናት» ብሎ ከመፍረዱና ከመዝጋቱ በፊት ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። በረዶ ተደርጎ ወዲያው የሚታይ ናሙና በሚሠራበት ሆስፒታል መልሱ ሆዱ ሳይዘጋ ይደርሳል። በማይሠራበትም ቢሆን የዘገየ መልስ ከጭፍን ፍርድ ይሻላል። የሊምፍ እጢ ሲያብጥም እንዲሁ ነው፤ ካንሰር ባለበት ሰው ያበጠ የሊምፍ እጢ ሁሉ ካንሰሩን አልተሸከመም፤ ሊምፎማ ሊሆን ይችላል።

ፓቶሎጂስቱ ደግሞ የወጣውን ጨጓራ ዋናው ዕጢ ካለበት ብቻ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር ይዳብስ፤ ለየት ያለውን ሁሉ ለየብቻ ይቁረጥ፤ ለየብቻም ይጻፍ። የፀረ አካል ቀለሞች ለዚህ ሥራ እጅግ ጠቃሚዎች ናቸው፤ ነገር ግን በየስፍራው ሁልጊዜ አይገኙም። የቀለሙ እጥረት የዓይንን ጥንቃቄ ሊያስታጉል አይገባም። ቢልሮት በዘመኑ ከተራ ቀለም በቀር አልነበረውም፤ ሆኖም ሁለቱ ዕጢዎች መልካቸው ይለያያል ወይ ብሎ መጠየቅን አልተወም። እንዝርት የመሰለ ሕዋስ በካርሲኖማ አጠገብ ከታየ፣ ቀለሙ ባይኖርም ጥያቄው በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ፤ ናሙናውም ቀለሙ ወደሚገኝበት ይላክ።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ አባቶቻችን። በዚህ ጉዳይ ላይ አባባሉ ቃል በቃል ይሠራል። አንዱ ሐኪም ያላየውን ሌላው ያያል፤ ቀዶ ጥገናው ያወጣውን ላቦራቶሪው ይፈታዋል፤ ላቦራቶሪው የፈታውን የውስጥ ደዌ ሐኪሙ በትክክለኛው መድኃኒት ያክመዋል። ከጋሌን አንድ ፈሳሽ እስከ ሂሮታ አንድ ዘረ መል ድረስ ያለው ረጅም መንገድ የተጠረገው በአንድ መልስ ባልረኩ ሰዎች ነው። በሽተኛው ከእኛ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው፤ ሁለተኛውን ዕጢ ያላየ ሐኪም ይቅርታ ሊያገኝ ይችላል፤ በሽተኛው ግን ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል።